ጣሊያንኛ ስም የሌለው ዕቃ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ደውለው «ለዘንድሮው የመገናኛ በዓል አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ አበርክቺ» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ሁሉም ሰው ስለ ትምህርት ቤታችን ልጽፍ ነበር። ስለ አራት ኪሎዋ የፍሬሽማን ዓመት፣ ስለ አናቶሚ ክፍሉ የፎርማሊን ሽታ፣ ጥቁር አንበሳ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ስላነጋናቸው የፈተና ሌሊቶች። እነዚህን ግን በየዓመቱ የሚጽፍ አይጠፋም፤ የሚጽፉትም ከኔ የተሻሉ ናቸው። ስለዚህ እኔ ባለፈው ጥር አንድ እሁድ ከአባቴና ከልጄ ጋር ሄጄ ስላየሁት የአሮጌ መኪኖች ትርዒት ልጻፍ። «አንቺና መኪና ደግሞ ምን አገናኛችሁ?» የምትሉ የባቻችን ልጆች ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ያደርሰናል።

አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። ሃያ ዓመት ያህል አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ነድተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በፊያት 600፣ ያው ሁላችንም «ሰይቼንቶ» በምንላት ሰማያዊና ነጭ በተቀባች ትንሽ መኪና። እኔንና ሦስት ታናናሾቼን ፊደል ያስቆጠረችን እሷ ናት። በ1984 ዓ.ም. ሸጧት። የገዛቸው ሰውዬ ለመለዋወጫ ሊፈታታት መሆኑን ሲነግራቸው ቀኑን ሙሉ እህል እንዳልቀመሱ እናቴ እስካሁን ታነሳባቸዋለች። እኔ ራሴ ለመኪና ይህን ያህል ፍቅር የለኝም። የሄድኩትም ለሳቸው ብዬ ነው።

ትርዒቱን ያዘጋጁት አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው ነው። ሰፊ ግቢ ውስጥ መኪኖቹን በሰልፍ አቁመዋቸዋል፤ ጥግ ላይ ቡና ይፈላል፤ የዕጣኑ ጭስ ከቤንዚን ሽታ ጋር ተደባልቆ ያልጠበቅኩትን የልጅነት ስሜት ቀሰቀሰብኝ። ብዛቱ የቮልስ ነበር፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ የባሕር ሰማያዊ። ቀጥሎ ፔጆ 404፣ ፊያት 1100 እና 124፣ መርቼዲሶች፣ ሽንጣቸው ረጅም የሆነ ሁለት የአሜሪካ መኪኖች፣ አንድ የገጠር አቧራ ያልለቀቀው የሚመስል ላንድሮቨር። ከዳር ብቻዋን አንዲት ሰይቼንቶ ቆማለች። አባቴ የቀሩትን መኪኖች ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ እሷ ሄዱ።

እንግዲህ ታሪክ ጻፊ ተብያለሁና ጥቂት ልበል። አገራችን ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ያየችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣት በእንፋሎት የምትሠራ የመንገድ ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» ተብላ ስሟ ቀርቷል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤዲ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አበረከተ። ግን መኪና ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት ደጅ ወጥቶ ጋራዥና መካኒክ ያፈራው በአምስቱ የወረራ ዓመታትና ከዚያ በኋላ ነው። ጣሊያን ለጦሩ መንገድ ጠረገ፤ ከጭነት መኪናው ጋር ጋራዡን፣ ከጋራዡ ጋር ቋንቋውን ይዞ መጣ። ጦሩ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቋንቋው እዚሁ ቀረ።

ይኼን የማወራው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ አባቴ ሰይቼንቶዋን እየዞሩ ለልጄ ሲያስተምሩት ሰምቼ ነው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ እንደኔው «አባባ» ይላቸዋል። እሳቸው በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ «ይሄ ኮፋኖ ነው። ይሄ ፓራፋንጎ። ስፖኪዮ። ፍሬቻ። ይቺ ቸርኬ ናት» ይላሉ። ከዚያ በሩን ከፍተው «ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ። የምትቀመጥበት ደግሞ ጋቢና።» ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ልጁ ጉግል አድርጎ አንድ ሁለቱን አረጋገጠና ተደነቀ። የመኪናዋም ስም ቢሆን ስድስት መቶ ማለት ነው፤ ቁጥር ነው እንጂ ስም አይደለም።

ከዚያ ልጄ፣ በመኪና ሲሄድ ያለ እሱ ተነስቶ የማያውቀውን ነገር በዓይኑ ፈልጎ ሲያጣው ጠየቀ፤ «አባባ፣ ቀበቶውስ በጣሊያንኛ ምን ይባላል?»

አባቴ ዝም አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና «ቀበቶ… ቀበቶ ነዋ!» አሉት። «ይቺ ደግሞ ምን ቀበቶ አላት!»

የዚህ ጽሑፍ ነገር የጀመረው እዚያች ላይ ነው። እስቲ አስቡት። ከጎማ እስከ ካንዴላ፣ ከባሌስትራ እስከ ፖርቶ ባጋሊዮ፣ መካኒክ የሚነካው ነገር ሁሉ የጋራዥ ስም አለው። ቀበቶ ግን የለውም። «የደህንነት ቀበቶ» የሚለው ከደንብና ከማስታወቂያ የመጣ አጠራር ነው፤ በመንገድ ላይ የሚያሰማውም ትራፊክ ፖሊስ ነው። ኤርባግ ደግሞ በእንግሊዝኛ መጣ። እኛ ለመኪና አካል ስም ስናወጣ፣ መኪናዋ ራሷ ቀበቶ አልነበራትም። ስም የሚያወጣ መካኒክ ያልነካው፣ የማይበላሽ፣ የማይጠገን፣ ገንዘብም የማያመጣ ዕቃ ሆኖ በኋላ ተቀጥሎ ገባ። እንግዳ ሆኖ መጣ፤ እንግዳ እንደሆነም ከረመ።

ሰዉ ለፎቶ ሲሰለፍ እኔ ሳላስበው የሐኪም ዓይኔን ይዤ መኪኖቹን መመርመር ጀመርኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የሙያ በሽታ ነው። የሰይቼንቶዋ ሞተር ከኋላ ነው፤ ከፊት፣ ከተሳፋሪው እግር አጠገብ ያለው የቤንዚን ታንከርና ስኮርት ጎማ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1964 የተሠሩት በራቸው ወደ ኋላ የሚከፈት ነበር፤ እየሄደች ድንገት ከተላቀቀ ነፋሱ ራሱ ይበረግደዋል። ዳሽቦርዱ ራቁቱን ላሜራ ነው። እጀታዎቹና ቁልፎቹ ወደ ፊት ሾለዋል። በ1950ዎቹ የነበሩ መኪኖች ላይ የመሪው ዘንግ ከፊት ጀምሮ እስከ ሹፌሩ ደረት ድረስ የማይታጠፍ ብረት ነበር፤ መኪናው ከፊት ሲመታ ጦር ነው የሚሆነው።

ሲ-ዋን እያለን ያጠናናትን ታስታውሳላችሁ? አኦርታ የት ቦታ ላይ ይቀደዳል? «ሊጋመንተም አርቴሪዮሰም አጠገብ!» ብለን በአንድ ድምፅ እንመልስ ነበር። የዳሌ አጥንት ወደ ኋላ መውለቅ፣ የፖስቴሪየር ክሩሼት መበጠስ፣ «ዳሽቦርድ ኢንጁሪ»። እነዚህን ሁሉ በቃላችን ስንይዝ አንዳችንም ዳሽቦርዱን ማን እንደዚያ ሠራው ብለን አልጠየቅንም። እኔ ለምሳሌ በአባቴ ታክሲ ውስጥ ልጅ ሆኜ የምቆመው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል ነበር፤ ሁለት እጄን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጌ። አባቴ ፍሬን ሲይዙ በቀኝ እጃቸው ደረቴን ይደግፉኛል። የኛ ቀበቶ እሷ እጅ ነበረች።

የሰው ልጅ በሞተር ተሽከርካሪ የመሞቱ ታሪክ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ስም የአንዲት የሳይንስ ሰው ነው። ሜሪ ዋርድ አየርላንዳዊት ነበረች፤ ማይክሮስኮፕ ላይ የምትሠራ፣ ያየችውን በእጇ እየሣለች መጽሐፍ ያሳተመች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1869 ዘመዶቿ በሠሩት በእንፋሎት በሚሄድ ሠረገላ ላይ ተቀምጣ ሳለ መታጠፊያ ላይ ተስፈንጥራ ወደቀችና መንኮራኩሩ ሄደባት። አንገቷ ተሰብሮ ወዲያው ሞተች። ዕድሜዋ 42 ነበር፤ ከኔ ብዙም አይርቅም። ያንን ሰውነት ወንበር ላይ የሚያቆይ አንዲት ጠፍር ብትኖር ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ጠፍሩን ለማምጣት 90 ዓመት ፈጀ። እዚህ ላይ ነው የኛ ሙያ ሰዎች የሚገቡት፤ ይህንንም በትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም። በ1930ዎቹ የመኪና ከተማ በሆነችው ዲትሮይት ክሌር ስትሬት የሚባል የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነበር። በየሳምንቱ የሚሰፋው የሴቶችና የሕፃናት ፊት ነው፤ ጋቢና ተቀምጠው ዳሽቦርድ ላይ የተላተሙ። ሰውዬው መስፋት ሰለቸው መሰለኝ፤ የራሱን መኪና ዳሽቦርድ በስፖንጅ አልብሶ፣ ቀበቶ አስገጥሞ ይነዳ ጀመር፤ አምራቾቹንም ወተወተ። የ1937ቱ ዶጅ ቁልፎቹ ከዳሽቦርዱ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ሆነው የወጡት በእሱ ዓይነት ውትወታ ነው።

ሂው ዲሄቨን ሐኪም አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የበረራ ተማሪ ሳለ አውሮፕላኑ ከሌላ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ጉበቱና ጣፊያው አካባቢ የተጎዳው በገዛ ቀበቶው ሹል ዘለበት መሆኑን ተኝቶ ሳለ ተረዳ። በኋላ ከ15 እስከ 45 ሜትር ግድም ከፍታ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን እየፈለገ እንዴት እንደተረፉ አጠና፤ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1942 አሳተመ። ያገኘው ነገር ቀላል ነው፤ ሰው የሚሞተው በመውደቁ አይደለም፣ በድንገት በመቆሙ ነው። ብርጭቆ የሚልክ ነጋዴ ሣጥኑ ውስጥ ጭድ እንደሚጎዘጉዘው፣ ሰውም በመኪና ውስጥ መታሸግ አለበት አለ። ከኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ ጋር ሆኖ የግጭት ጉዳት ጥናት ያቋቋመው እሱ ነው።

ከዚያ ኒልስ ቦሊን መጣ። ስዊድናዊ መሐንዲስ፤ ቀድሞ ለሳብ የጦር አውሮፕላኖች አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣ ወንበር ይሠራ የነበረ። ወደ ቮልቮ ተዛውሮ በሦስት ቦታ የሚያዘውን፣ በአንድ እጅ የሚታሰረውን ቀበቶ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1959 በቮልቮ መኪኖች ላይ ተገጠመ፤ ኩባንያውም የፈጠራ መብቱን ሌሎች አምራቾች በነፃ እንዲጠቀሙበት ለቀቀው። ዛሬ ሁላችንም የምናስረው እሱን ነው።

ዕቃው ኖሮ ሰው ካላሰረው ግን ምን ይሠራል? ማሰርን በሕግ መጀመሪያ ያስገደደችው የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ። ከኋላ ሆኖ የገፋው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጃቸው ነበር። ቀዶ ሐኪሞች! ምክር ቤት በር ላይ ቆመው፣ «እኛ መስፋት አቅቶን ሳይሆን እናንተ መከልከል ስለምትችሉ ነው» ዓይነት ነገር ሲሉ ይታየኛል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1966 የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤቱን የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ዊሊያም ሃደን የኅብረተሰብ ጤና ሐኪም ነበር። የሱ ሐሳብ ለኛ ለወባ አገር ሰዎች ለመረዳት ቀላል ነው። አካልን የሚጎዳው ጉልበት ነው፤ ልክ እንደ ፕላዝሞዲየም። መኪናው አስተላላፊው ነው፤ ልክ እንደ ትንኟ። ለወባ ሕመምተኛ «ትንኟ ስትመጣ ጎንበስ በል» አንለውም፤ አጎበር እንሰጠዋለን። ሹፌርን ግን እስከዛሬ «ተጠንቀቅ» ከማለት ብዙ አላለፍንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ቀዳሚው ገዳይ ይኸው ነው። ፊት ለተቀመጠ ሰው ቀበቶ የሞትን አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እስከ ግማሽ የሚቀንስ መድኃኒት ብታገኙ ምን ታደርጉ ነበር?

አሁን ወደ ባቻችን ልመለስ። ስሙን አልጽፍም፤ ቤተሰቡ አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ፒሲ-ዋን እያለን ፎርማሊኑ ዓይኑን እያስለቀሰው በሹክሹክታ የሚዘፍነው ልጅ ነው። ኢንተርንሺፑን ጨርሰን ዕጣ ስናወጣ እሱን ሩቅ ቦታ ጣለው፣ እኔን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ። «ቀይሪኝ፤ አንቺ እኮ ቆላ ይስማማሻል» ብሎኝ ሳቅን። ቀልድ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀልድ አልነበረ ይሆን ብያለሁ።

እሱ በተመደበበት ቦታ ሐኪሙ ብቻውን እሱ ነበር። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ ሲመጣ የሚያውቀው ሰው በፒክአፕ ጋቢና አሳፈረው። ከከባድ መኪና ጋር ተጋጩ። የተጎዳው ደረቱንና ጉልበቱን ነው። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፤ ለማን ነው የምዘረዝረው።

ከቀብሩ በኋላ ወንድሙ ሻንጣውን ሊያመጣ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ፒክአፑ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ወንድሙ ወረቀት ሲፈርም እኔ በተሰበረው መስኮት ወደ ውስጥ አየሁ። ወንበሮቹ አበባ ያለበት የወንበር ልብስ ለብሰዋል። ዘለበቱን ስፈልገው አጣሁት። እጄን አስገብቼ የወንበሩን ልብስ ገለጥ ሳደርግ እዚያ ነበር። ቀበቶው ተጠቅልሎ፣ ዘለበቱ ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ፣ ልብሱ እንዲያምር ተብሎ ከታች ተቀብሯል። አንድ ቀን እንኳ አልታሰረም። ቦሊን ሠርቶት፣ ስንት ዶክተር ተከራክሮለት፣ ባሕር ተሻግሮ ከልጁ ጎን ደርሶ፣ ከጎኑ በአንድ ጣት ርቀት ላይ ከነላስቲኩ ተኝቶ ነበር።

ለወንድሙ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም ነበር። ያኔ እኔም ራሴ አላስርም ነበርና፤ ያኔ ቀበቶ የሚያስር ሰው «ፈሪ ነው» ይባል ነበር።

ትርዒቱ ላይ ልመለስ። ሁለት አዛውንት አንድ ቮልስ ፊት ቆመው ይከራከራሉ። ጉዳያቸው ቀለም ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግርማዊነታቸውን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወሰደቻቸው ቮልስ አረንጓዴ ናት ይላል አንዱ፤ ሰማያዊ ነበረች ይላል ሌላው። ሁለቱም በዓይኔ አይቻለሁ ባይ ናቸው። አባቴ ጣልቃ ገቡ፤ «ቀለሙን ተዉት። የጀመረችው ታክሲ ናት!» አሏቸው። እውነታቸውን ነው። በ1966 የካቲት ላይ ቤንዚን ሲወደድ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አባቴም ሰይቼንቶዋን ግቢ አስገብተው ከዘጉት አንዱ ነበሩ። ከተማው በእግሩ ሄደ። ዋጋው ከጥቂት ቀን በኋላ ተቀነሰ፣ የተነሳው ነገር ግን አልቆመም። እንዲህ ካሰባችሁት ያ ዓመት በትናንሽ መኪኖች ተጀምሮ በትንሽ መኪና ኋላ ወንበር ላይ አለቀ። ሦስቱ አዛውንት ከዚያ በኋላ ቡና አብረው ጠጡ፤ ቀለሙ ሳይወሰን ቀረ።

ሌላው ክርክር የወጣቶቹ ነበር፤ እኔ የገባሁትም እሱ ውስጥ ነው። አንድ ልጅ፣ ሠላሳ አይሞላውም፣ ቢጫ ቮልሱን አሳምሮ አምጥቷል። በሁለቱ የፊት ወንበሮች ላይ አዲስ፣ በሦስት ቦታ የሚያዝ ቀበቶ አስገጥሟል። አጠገቡ የፊያት 1100 ባለቤት የሆኑ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ተቆጡት። «ወንድሜ፣ ይቺን ነገር ስታስገባ መኪናዋን እኮ አበላሸኻት። ኦሪጂናልነቷ የት አለ?»

«ጋሼ፣ ልጆቼን ነው የምጭንባት» አላቸው።

«እና ልጆችህን ሌላ መኪና ላይ ጫናቸዋ! ይቺ ቅርስ ናት።»

ሰውዬው የተሳሳቱ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ነገ ዛሬ ሳይባል እዚያ ግቢ ያሉት መኪኖች በሙሉ ቅርስ መሆናቸው ነው። አሮጌ ነገር እንደነበረ ሊቆይ ይገባል፤ ላሜራው ራቁቱን ካልታየ የኔ ልጅ እጁን የት አድርጎ የድሮውን ይረዳል? ግን ቆሞ ለሚታይ አንድ ሕግ፣ አስፋልት ላይ ለሚወጣ ሌላ ሕግ። ይህንኑ አልኳቸው። ሰውዬው «አንቺ ደግሞ ምንድነሽ?» አሉኝ። «ሐኪም ነኝ» ስል «እሱ ነው እንግዲህ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ልጁን ጠየቅኩት፤ «የት ላይ ነው ያሰርከው? ላሜራው ላይ ዝም ብለህ በስተህ?» ስሌቷን ከዲሄቨን ተውሼ ነገርኩት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ 70 ኪሎ ሰው በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ቀበቶው ላይ የሚያርፈው በአማካይ ከ13 ሺህ ኒውተን በላይ ነው፤ ከአንድ ቶን ዕቃ በላይ አንጠልጥሎ እንደመያዝ ማለት ነው። ስስ ላሜራ ላይ የታሰረ ብሎን ይህንን አይችልም፤ ከነቀበቶው ይነቀላል። ልጁ ምንም ሳይል ምንጣፉን ገለጠና አሳየኝ። ከታች የእጅ መዳፍ የሚያህል ወፍራም ብረት በየማሠሪያው ሥር አስደግፏል። «መካኒኬ ይቺን ምን እንደሚላት ታውቂያለሽ?» አለኝ። «‹የልጆቹ›። ‹የልጆቹን አጥብቄዋለሁ› ነው የሚለኝ።»

አባቴ በዚህ መሀል የሰይቼንቶዋን ባለቤት አስፈቅደው ገብተው ተቀምጠዋል። ሞተሩ አልተነሳም። ግራ እጃቸው መሪው ላይ፣ ቀኙ ማርሹ ላይ። ልጄ ጋቢና ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ፎቶ ላነሳቸው ስልኬን ሳወጣ፣ አባቴ የማይንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ፍሬን ረገጡ፤ ቀኝ እጃቸው ከማርሹ ተነስታ የልጁ ደረት ላይ ሄዳ ቆመች። እሳቸው ያወቁትም አይመስለኝም።

መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች ስንመለስ ራይድ ጠራን። አባቴን ጋቢና አስቀመጥናቸው። ወንበሮቹ ንፁህ፣ ግራጫ የወንበር ልብስ ለብሰዋል። ቀበቶውን ከላይ ሳቡት፤ ማስገቢያው ግን የለም። እጃቸውን ወንበሩ ጎን ሰደው በልብሱ ሥር መፈለግ ጀመሩ፤ የመካኒክ ጣታቸው ዛሬም አልሰነፈችም።

«አባባ፣ አይልፉ» አላቸው ሹፌሩ በትህትና፤ «በዚህ መንገድ ትራፊክ የለም።»

አባቴ አልመለሱለትም። መፈለጋቸውን ቀጠሉ።